ሺሺንዳ ገበያ የሄደው ባቄላ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ከጎረቤታችን ከጋሽ ኮቺቶ ቤት ነበር። ጋሽ ኮቺቶ ንብ አናቢ ስለነበሩ ጋቢያቸው ሁልጊዜ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። «ተረት በባዶ እጅ አይሰማም» ስለሚሉን እያንዳንዳችን አንዳንድ እንጨት ይዘን እንሄዳለን፤ እኔ እንጨቴን በእጄ ይዤ ታናሽ እህቴን ማርታን በጀርባዬ አዝላለሁ። ማርታ ያኔ ታናሽ ወንድማችን ተወልዶ ጡት የጣለች ሕፃን ነበረች።

ኩራዙ ጥግ ላይ ይብለጨለጫል፣ ፍሙ ላይ የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ይንተከተካል፣ ጋሽ ኮቺቶም ማርታ የምትወዳትን ያቺኑ ተረት ይጀምራሉ። በቆሎ በቁመቱ ኮርቶ ብቻዬን ቤት እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ባቄላ ሐረግ ይዞ መጥቶ «ልሰርልህ?» ቢለው፣ «አንተ ድንክ፣ ምን ደርሰህ ታስራለህ!» ብሎ አባረረው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ከነጣሪያው ተዘረጋ። ያኔ በቆሎ አፍሮ ባቄላን ለመነው፤ ባቄላም በሐረጉ አሰረለትና ቤቱ ቆመ፤ ሁለቱ አንድ ድስት የሚገቡት ለዚህ ነው። ተረቱ ሲያልቅ ጋሽ ኮቺቶ ለማርታ ንፍሮ ይዘግኑላታል፣ እሷ ደግሞ ባቄላውን ብቻ ትለቅማለች። «ይቺ ጉደኛ፣ ማሰሪያውን በልታ ምሰሶዬን ጣለችው» እያሉ ይስቁባታል።

እኛ ቤት ጧትም ማታም የበቆሎ ገንፎ ነበር። ላማችን ነጥፋለች፣ ባቄላችንም ለዘርና ለእንግዳ የሚቀመጥ ነው። ማርታ ባቄላ የምትቀምሰው ከጋሽ ኮቺቶ እፍኝ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሲያልፍ የማርታ ፊት ሞላ። ሰዉም «እሰይ፣ ወፈረች» አለ፣ እናቴም ደስ አላት። ቆይቶ ግን እግሯ አበጠ፣ ፀጉሯ ሳስቶ ቀላ፣ መሳቋንም ተወች። ሆዷ ሲነፋ ጊዜ እናቴ «ባቄላው ነው» አለች። እኛ ዘንድ ባቄላ የልጅ ሆድ ይነፋል ሲባል ያልሰማ የለም። ለጋሽ ኮቺቶም እንዳይሰጧት ተነገራቸው፤ በሰው ልጅ ምን ይላሉ፣ እሺ አሉ።

የዚያን ዕለት ማርታ ተረቱ ሲያልቅ እንደ ልማዷ መዳፏን ዘረጋች።

«ባቄላስ?»

«ባቄላማ ሺሺንዳ ገበያ ሄዷል፤ ይመጣል» አሏትና ፊታቸውን ወደ እሳቱ መለሱ።

ከዚያ ወዲያ ቤት ስንገባ እናቴን «ባቄላ መጣ?» ትላታለች። እናቴም «ነገ ይመጣል የኔ እናት» ብላ ገንፎዋን ታጎርሳታለች።

በኋላ መቀመጥ ሲያቅታት በሚኒባስ ቦንጋ ሆስፒታል ወሰድናት። አንዲት ወጣት ሐኪም ማርታ ምን እንደምትበላ እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ እንዳትታማ ፈጠን ብላ፣ «ገንፎ ነው፤ አንድም ቀን ተርባ አላደረችም። ባቄላማ ገና ሆዷ ሲነፋ ነው ያስጣልናት» አለች። ሐኪሟ ቀና ብላ እናቴን አየቻት፣ ከዚያ ወደ ማርታ ጎንበስ አለች። ማርታ ከዚያ አልጋ አልተነሣችም። ጋሽ ኮቺቶ ከዚያ በኋላ ብዙ ተረት ነገሩን፤ ያቺን ግን እስከሞቱ ድረስ አልደገሟትም።

ዛሬ ቦንጋ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰውነታችን ራሱ የማይሠራው፣ ከምግብ የግድ ማግኘት ያለበት ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ በቆሎ ውስጥ ትንሽ ነው፣ በባቄላ፣ በአተር፣ በምስር፣ በወተት፣ በእንቁላልና በሥጋ ግን በደንብ ይገኛል እያልኩ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ማርታን የገደላት አንድ ነገር ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ትምህርት በምሰጥበት ቀን ምሳ አይበላልኝም።

በቅርቡ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ለልጄ ንፍሮ አቅርቤላት ወጥ ቤት ደርሼ ስመለስ፣ እናቴ ባቄላውን እየለቀመች ወደ ሳህኑ ዳር ታወጣለች።

«ሆዷን እንዳይነፋት ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

«ተዪያት ትብላ እማዬ። በቆሎ ብቻውን ልጅ አያቆምም» አልኳት፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

እጇ እዚያው ቀረ። «ማርታንም ያላቆማት ይኸው ነው?» አለችኝ። የእህቴን ስም ከአፏ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ለሰው ልጅ የማስተምረውን ለገዛ እናቴ መናገር አቃተኝ።

«አንቺ በምን አውቀሽ እማዬ» አልኳት።

ዳር ያወጣችውን ባቄላ አንድ በአንድ ለቅማ በልጄ መዳፍ ላይ አኖረችው። «እንኪ የኔ እናት፣ ባቄላው መጣ» አለቻት።

ከጋሽ ኮቺቶ ተረቶች ሁሉ ከነድምፃቸው የቀረችኝ ያቺው ናት። ለልጄ ግን እስካሁን አልነገርኳትም። «አያቴ መጣ ያለችው ባቄላ እስካሁን የት ቆይቶ ነው?» ብትለኝ ምን እላታለሁ?