ኮስታራ ይፈለጋል

መድረክ ላይ ሞኝ መሆን ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ እባካችሁ አምጡልኝ። ሙሉ አዳራሽ ፊት አቁመን «በል ውደቅ!» እንበለው። ወይ አጥንቱን ይሰብራል፣ ወይ እንደ ጆንያ ተዘርግቶ ያፍራል፤ የሚስቅለት ግን አያገኝም። ሰዉ ደግሞ አይገርማችሁም? ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ሄዶ አንጀቱ እስኪቆስል ይስቅና ሰኞ ያንኑ ቀልደኛ መንገድ ላይ ሲያገኘው «አሁንም እዚያው ነህ? ቁም ነገር አልጀመርክም?» ይለዋል። ሆድ ይፍጀው ብዬ እንዳልተወው አፌ እሺ አይለኝም።

ቀልደኛውን ዘጭን ተመልከቱት። ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ሲወድቅ ከሚሰማው ድምፅ። ያ ድምፅ ግን የአጥንት አይደለም፣ የመዳፍ ነው። አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ትንፋሹን ያወጣል፣ መዳፉ ወለሉን በጥፊ ሲያጮለው ወገቡ ቀስ ብሎ ያርፋል። ከመውደቁ በፊት ደግሞ ተመልካቹን አንዴ ያያል፤ «ልወድቅ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ ግን አላውቅም» በሚል ዓይን። ሳቁ ያለው እዚያች ዓይን ውስጥ ነው። ያችን ዓይን እስኪያገኛት ጎኑ ስንቴ እንደበለዘ የምታውቀው፣ በሞቀ ውሃ ስታሽለት የኖረችው ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ናት።

ሞኝ ግን ብቻውን ሞኝ አይሆንም። የሚቆጣው ሰው ያስፈልገዋል። በሙያው «ኮስታራ» ይሉታል፤ ሥራው መቆጣትና አለመሳቅ ነው። የዘጭ ኮስታራ ጉልበቱን አመመውና ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ሄደ። የአዳራሹ ኃላፊ፣ ዕድሜ ልኩን አንዴም አደናቅፎት የማያውቅ የሚመስል ሰው፣ «ለቅዳሜ ኮስታራ ካላገኘህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሰዓትህን ለዘፋኞች እሰጣለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገረው።

ዘጭ ያልሞከረው ሰው የለም። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ገና ዘጭ ሱሪውን ከፍ ሲያደርግ በሳቅ ፍርስ አለ። የሚስቱ ወንድም ከንፈሩን ነክሶ ቆየ ቆየና በአፍንጫው ፈነዳ። ለካ በዚህ ሁሉ ኩርፊያ በሞላበት ዓለም የሚቆጣ ሰው ሲፈለግ አይገኝም!

አንድ ያልጠየቃቸው ሰው ነበሩ፤ አብረውት የሚኖሩት አማቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆስፒታል በር ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከመጠየቂያ ሰዓት ውጪ የመጣ፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ በሳቸው በር አያልፍም ነበር። ሰፈሩ ከኋላቸው «እማማ ጓጉንቸር» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት የሚላቸው ገና አልተወለደም። የአማቻቸውን ትርኢት አንድ ቀን ሄደው አላዩም።

«ዛሬም ልትወድቅ ነው?» አሉት ቅዳሜ ሊወጣ ሲል።

«አዎ እማማ።»

«ሰው ወድቆ ይነሣል፤ አንተ ተነሥተህ ትወድቃለህ።»

«ምን ላድርግ እማማ፣ መሬቱ ይወደኛል።»

«ልጄ ያን ሸሚዝ ስታጥብ ነው ያረፈደችው። አቆሽሸህ ና ብቻ!»

ዘጭ ተቻኩሎ ወጣ። ኮስታራ አላገኘም፤ ልቡም ቦታው አልነበረም። የግራ ጫማውን፣ ያን ሕፃን የሚያስተኛ የሚያህል ጫማ፣ አልጋ ሥር ረስቶት ሄደ። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ መነሣት አልቻለችም። «እማዬ፣ በሞቴ አድርሽለት!» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ዘጭ በአንድ ትልቅ ጫማና በአንድ ካልሲ ብቻውን ይፍጨረጨራል። ራሱን ይቆጣል፣ ራሱ ይደነግጣል። ሰዉ ያስላል፣ ስልኩን ይጎረጉራል። ኃላፊው መጋረጃው ጥግ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

«አንተ ሰውዬ! አንድ እግር ይዘህ ነው ከቤት የወጣኸው?»

አዳራሹ ወደ ኋላ ዞረ። እማማ ጫማውን አንጠልጥለው በወንበሮቹ መካከል እየመጡ ነው። የኋላ በር የሚባል ነገር አያውቁም፤ ለሳቸው በር ማለት የፊቱ ነው። ዘጭ ጫማውን ተቀብሎ እጁ ላይ አጠለቀው።

«እግርህ ላይ!»

ቀኝ እግሩ ላይ፣ በሌላው ጫማ ላይ ደረበው።

«ሌላኛው እግርህ!»

ሌላኛውን እግሩን ከወንበር ሥር ይፈልግ ጀመር። ልጆች «ያውልህ! ያውልህ!» እያሉ ጮኹ። ዞረ፣ አየ፣ ዘጭ!

«ተነሥ! የታጠበ ሸሚዝ ነው!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እማማ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ምን ያስገለፍጣችኋል? ይሄ ሁሉ ሰው ቤት የለውም?» ሲሉማ ሰዉ ከወንበሩ ተንሸራተተ።

ዘጭ እዚህ ላይ ደነገጠ። ከተመልካች መካከል ወፍራሙን፣ ተብታባውን ጎትቶ አውጥቶ መሳለቅን ቀልድ የሚሉ አሉ፤ ነውር ነው! ዘጭ ፈቃዱን ባልሰጠ ሰው አያስቅም። ካቆመ ቅዳሜው አበቃለት፤ ካላቆመ ደግሞ የሚስቱን እናት መሳቂያ አደረገ። ተነሣና ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ በቃ አቆማለሁ» አለ በሹክሹክታ። «የሚስቁት በኔ ነው፣ በርስዎ አይደለም።»

እማማ ፊታቸውን ሳያፈቱ፣ ከንፈራቸውን ሳያነቃንቁ መለሱለት። «ዓይን የለኝም መሰለህ? ምን ይገትርሃል፣ ውደቅ እንጂ!»

ወደቀ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ጣፍጦት የወደቀበት ቀን የለም።

ትርኢቱ ሲያልቅ ኃላፊው እየሮጠ መጣ። «እኚህን ከየት አመጣሃቸው?»

«ከቤት» አለ ዘጭ።

«አንተ ማነህ?» አሉ እማማ።

«የአዳራሹ ኃላፊ ነኝ፣ እናቴ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢመጡልን...»

«ታዲያ በር ላይ ሰው የለህም? ዝም ብዬ ገባሁ እኮ! መጀመሪያ በርህን አስጠብቅ። እኔ እመጣለሁ።»

አውቶቡስ ውስጥ ዘጭ፣ «እንዴት አዩት፣ እማማ?» አለ።

እማማ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ትከሻቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሳል አስመሰሉት።

«ትቸኩላለህ» አሉ ሲረጋጉ። «ቁጣዬን ሳልጨርስ ትወድቃለህ። ለቅዳሜ ልጨርስ፣ ከዚያ ውደቅ።»

ጫማውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ቤት አልለቀቁትም። ደግሞ ቢረሳውስ!