በጋሽ መንገሻ መስኮት የቆመው እርኩም

ባለፈው የገና ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ አዲስ ቤቱን እንዳይለት ጠራኝ። በልተን ጠጥተን ጨዋታ ስንጀምር ዓይኔ ከሶፋው በላይ ወዳለው ግድግዳ ሄደ። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ትልቅ የቱርክ ወፍ ጅራት ጣውላ ላይ ተለጥፎ ተሰቅሏል። ውጭ አገር ለሥራ በሄደበት ከባልደረቦቹ ጋር አድኖ ያመጣው ነው።

«ቲቸር፣ ብል ጀመረው መሰለኝ። እርስዎ ያውቁበታል፤ ምን ላድርገው?» አለኝ።

ተነሥቼ አየሁት። የላባዎቹ ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር ያራግፋል። በላስቲክ ጠቅልሎ የፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ እንዲያቆየው፣ ከዚያም ከእርጥበት እንዲያርቀው ነገርኩት። ልቀመጥ ስል ሳላስበው፣ «ስትተኩስበት ብቻውን ነበር?» አልኩት። ሳቀና ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ሐሳቤ ቦንጋ ዋለ።

ቦንጋ ባዮሎጂ እንዳስተምር የተመደብኩት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። አውቶቡሱ ጅማ አሳድሮን፣ ጎጀብን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ጫካው መንገዱን ከግራና ከቀኝ እያጠበበ መጣ። ዝናቡ እዚያ ወቅት አይጠይቅም። ልብሴ ሻንጣ ውስጥ ሻገተ፤ ቆዳ ጫማዬም አረንጓዴ ለበሰ።

የተከራየሁት ጋሽ መንገሻ ግቢ ነበር። ጋሽ መንገሻ በወጣትነታቸው ከሸዋ መጥተው የቀሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እዚያው ቦንጋ አካባቢ የደካ ተወላጅ ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ጋሽ መንገሻ ከሱቅ ሥራ የተረፋቸውን ጊዜ የሚያጠፉት በአደን ነበር፤ ቆቅና ጅግራ ይመታሉ። ሥጋውን እትዬ ብርቄ በኮረሪማና በቅቤ ሲሠሩት ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ክንፉና ጅራቱ ግን ሳሎን ይሰቀላል። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ያ ሳሎን ጠረነኝ። ጋሽ መንገሻ ላባውን በጨው ብቻ ስለሚያሹት፣ በዚያ እርጥበት ጨው ራሱ ውኃ እየሆነ ቆዳው ይበሰብስ ነበር።

ወፍ ገፍፎ ማድረቅ ኮሌጅ ተምሬያለሁ። ስብና ሥጋውን አንድ ሳላስቀር ፍቄ፣ ቆዳውን በሸብና በአመድ አሽቼ፣ ቃጫ ጠቅጥቄ፣ በሽቦ አቁሜ፣ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ አደረቅሁላቸው። የመጀመሪያዋ ቆቅ በእግሯ ስትቆም ጋሽ መንገሻ ደጋግመው ዞሯት። «ልትበር ነው እኮ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ሆንኩ ማለት እችላለሁ። ሳሎኑ ሞላ። ጠረኑም ጠፋ።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ጋሽ መንገሻ ከአደን ሲመለሱ አንድ ትልቅ ጥቁር ወፍ ተሸክመው ገቡ። እርኩም ነበር፤ የቱርክ ወፍ የሚያህል፣ እንደ መጥረቢያ የከበደ መንቁር ያለው፣ ከመብረር ይልቅ መሬት ለመሬት የሚሄድ ወፍ። የጉሮሮዋ ቆዳ ሰማያዊ ስለነበር ሴት መሆኗን አወቅሁ።

«ጭጋግ ነበር፤ በቆሎው ጥግ ሲንቀሳቀስ ጅግራ መሰለኝ» አሉ ጋሽ መንገሻ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እትዬ ብርቄ ከማድ ቤት ወጥተው አዩት። «ይሄ አይበላም። አይመታም። ለምን አመጣኸው?»

«ከሞተች ወዲያ ምን ላድርግ? ዝም ብላ ከምትበሰብስ መምህርት ታሳምራት» አሉ ወደ እኔ እያዩ።

«ሁለት ነው የሚሄዱት» አሉ እትዬ ብርቄ። «አንዱ የት ነው?»

ጋሽ መንገሻ ወፏን እጄ ላይ አኖሩና ጠመንጃውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

ከሠራኋቸው ሁሉ የተዋጣልኝ እሷ ናት። ዓይኗን ከጥቁር የካፖርት ቁልፍ አበጀሁላት። መስኮቱ አጠገብ ባለው ቡፌ ላይ፣ አንገቷን በትንሹ ዘንበል አድርጋ፣ ሰው የምታዳምጥ መስላ ቆመች።

ጥሪውን መጀመሪያ የሰማሁት ትምህርት ቤት ልሄድ ፊቴን ስታጠብ ነው። የእርኩም ድምፅ የወፍ ድምፅ አይመስልም። ግድግዳ ጀርባ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሽማግሌ ይመስላል፤ ቃሉ የማይያዝ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚጠራሩት፤ አንዱ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ባለ ድምፅ እየመለሰ። ያን ጠዋት ወፍራሙ ብቻ ነበር። ይጠራል፣ ለመልስ የሚበቃ ጊዜ ዝም ይላል፣ እንደገና ይጠራል።

በየማለዳው ድምፁ ቀረበ። መጀመሪያ ከጫካው፣ ቀጥሎ ከጓሮው እንሰት መሐል፣ በመጨረሻ ከግቢው ውስጥ። ጉሙ ሳይገለጥ ጥቁር ነገር በእንሰቱ ቅጠል ሥር ሲመላለስ አየሁ፤ ካፖርት ለብሶ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሰው መሰለኝ። ከዚያ የወንድ መለያ የሆነው ቀዩ ጉሮሮው ታየ። ወደ መስኮቱ ሄደና ቆመ። መስታወቱን በመንቁሩ መታው። ጠንከር አላደረገም፤ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነበር።

ጋሽ መንገሻ ሳቁ። «የራሱን መልክ አይቶ ነው፤ አይደለም እንዴ መምህርት?» አሉኝ። ነው አልኳቸው፤ ወፎች መስታወት ላይ የሚያዩትን መልካቸውን ባላጋራ አድርገው ይመታሉ። መጋረጃውን ጋረድነው። መልኩን ማየት ሲያቅተው ይተዋል ብዬ ነበር፤ ማንኳኳቱን አልተወም። በመስኮቱ ደፍ ላይም የሞተ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ ጥንዚዛ እናገኝ ጀመር። የጎረቤት ድመት ናት ብለን ጠርገን ጣልነው።

ጋሽ መንገሻ ሳቁን ተዉ። ምግብ ቀነሱ። አንድ ጠዋት ጠመንጃውን አንሥተው ወደ በረንዳ ሲወጡ እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄንንም ከመታህ እኔ ደካ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። አልመለስም።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ያን ሁሉ ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ብለው የሚያውቁ አይመስለኝም። ጋሽ መንገሻ ጠመንጃውን ወደ ጓዳ መለሱት።

ቅዳሜ ሁለቱም ገበያ ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዝናቡ መሐል ጥሪውን ሰማሁ፤ ከውጭ ሳይሆን ከሳሎን። በሩን ከፈትኩ፤ የመስታወት ስብርባሪ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ወንዱ እርኩም ቡፌው ላይ ወጥቶ፣ ካቆምኳት ወፍ ፊት ለፊት ቆሟል። በመንቁሩ ጫፍ እንቁራሪት ይዟል። ወደ መንቁሯ አስጠጋላት። ጠበቀ። እንደገና አስጠጋላት። ከዚያ እግሯ ሥር አኖረውና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያንን ወፍራም ድምፅ አሰማ። የካፖርቱ ቁልፍ ዓይኖች እሱን አልፈው እኔን ያዩ ነበር።

ጋሽ መንገሻና እትዬ ብርቄ የገቡት እዚያው ሳሎኑ በር ላይ እንደቆምኩ ነው። ወፉ ሲያያቸው አልሸሸም። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ቀስ ብለው አናገሩት፤ ምን እንዳሉት አልገባኝም። ጋሽ መንገሻ ወንበር ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ለካ ቀለብ ነበር የሚያመጣላት» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ መንገሻ ያደረቅኋትን ወፍ ታቅፈው ወጡ። እኔና እትዬ ብርቄ ተከተልን። መንገዱ ወደ ሺሺንዳ የሚወስደው ነው። ከጉሙ ውስጥ ወንዱ ወጣና ከኋላችን መሄድ ጀመረ፤ ስንቆም ይቆማል፣ ስንሄድ ይሄዳል። ቡና ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች ከነበቅሏቸው ወደ ዳር ወጥተው አሳለፉን። ቀብር የሚያሳልፉ ይመስሉ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀብንም።

በተመታችበት የበቆሎ ማሳ ጥግ ጋሽ መንገሻ በገዛ እጃቸው ቆፍረው ቀበሯት። ወፉ ራቅ ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ ግቢያችን አልመጣም። ጋሽ መንገሻም አደን ፈጽመው አልተዉም፤ ቆቅ ይመቱ ነበር፤ ጉም ባለበት ቀን ግን ከቤት አይወጡም።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ብርቄ «እንየው» ብለውኝ ማሳው ድረስ ሄድን። ጉሙ እየተነሣ ነበር። ወንዱ እርኩም መቃብሯ አጠገብ ብቻውን ቆሟል። ጠራ። ዝም አለ። ያኔ ቀጭኑ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ መለሰለት። ከየት እንደመጣ ለማየት ዞርን። ማሳው ላይ ከእሱ በቀር ምንም አልነበረም። እንደገና ጠራ፤ እንደገና ተመለሰለት። እትዬ ብርቄ እጄን ያዙኝ። «እንሂድ ልጄ» አሉኝ። ሄድን።

እነዚያ ባልና ሚስት ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔም ለብዙ ዓመት ስለ ወፎች አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ተማሪ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን አውቃለሁ፤ የትዳር ጓደኛው የሞተችበት እርኩም ሌላ ያገኛል፤ አዲሷ በቆሎው ውስጥ ተሸሽጋ ነበር እለዋለሁ። ለራሴም ይህንኑ ነው የምነግረው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይበቃኛል። በቆሎው ግን እዚያው ፊቴ ነበር፤ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ማየት የአፍታ ሥራ ነበር። አላየሁም። ዛሬ ያ ማሳ ዳር ብቆምም ገልጬ የማየው አይመስለኝም።