የዝርዝሩ ጭራ

ተማሪ ሳለች በስም ጥሪ የመጨረሻዋ ስለነበረች ጓደኞቿ «ጭራ» አሏት። ዛሬ የስታቲስቲክስ መምህርት ሆናም ቅጽል ስሙ አልለቀቃትም፤ እሷም ቂሟን አልለቀቀችም።

ቂሟ ስታቲስቲክስ ባስተማሯት ሽማግሌ ፕሮፌሰር ላይ ነው። ያኔ በሁለት ማርክ ጣሏት። ወረቀቴ እንደገና ይታይልኝ ብላ ቢሯቸው ደጅ ብትጠና ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«ቁጥሩ ነው ያለው፤ እኔ ምን ላድርግሽ?» አሏት።

ዓመቱን ደገመች። ለምረቃዋ ሱፍ አሰፍቶ የጠበቀ አባቷ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሱፉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ። ይሄ እንዴት ይረሳል!

አሁን ፕሮፌሰሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀመር እያስገለበጡ ያስተማሩትን ኮርስ ልትለውጠው ነው፤ ተማሪው እውነተኛ መረጃ ይዞ፣ ራሱ እየመረመረ እንዲማር። መምህራኑ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ፕሮፌሰሩ ክፍሏ ገብተው ይታዘቡ ተባለ። ሊያፈርሱባት እንደሚመጡ አላጣችውም። ይምጡ፣ አለች በሆዷ።

መጡ፤ ከኋላ ወንበር ብዕራቸውን አዘጋጅተው ተቀመጡ። ጭራ ለተማሪዎቿ ከሬጅስትራር አስፈቅዳ ያመጣችውን አደለች፤ የአንድ ኮርስ የሃያ ዓመት ውጤት፣ ስም የሌለበት፣ ተራ ቁጥርና ማርክ ብቻ። ተማሪዎቹ ነጥቦቹን ሰሌዳው ላይ አሰፈሩ። ተራ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ማርኩ ቁልቁል ይወርዳል። አንዷ ተማሪ፣ አራሚው ወረቀቱን በስም ተራ ደርድሮ ያርምና ሲደክመው እጁ ይጨክናል አለች። ጭራ ግን ቶሎ አልተቀበለቻትም፤ የመጨረሻዎቹ ሰነፎች ቢሆኑስ ብላ የእነዚያኑ ልጆች ሌላ መምህር ያረመውን የሌላ ኮርስ ውጤት ሰጠቻቸው። እዚያ መስመሩ ቀጥ ብሎ ተጋደመ። ፕሮፌሰሩ የመጀመሪያው የገዛ ኮርሳቸው ውጤት መሆኑን አውቀው መጻፍ አቁመዋል።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ፕሮፌሰሩ ወደ ሰሌዳው ቀርበው ከሁሉ ዝቅ ያለችውን የጥጓን ነጥብ በጣታቸው ነኩ።

«ይህቺ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

ድምፁ እስኪሰጥ ይህን ለባልደረቦቻቸው እንዳታሳይባቸው፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ብቻ እንደቀራቸው ነግረው ለመኗት። እሷ ወረቀት እየሰበሰበች ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«ቁጥሩ ነው ያለው፤ እኔ ምን ላድርግዎ?»

ከዚያ ለመምህራኑ ስብሰባ የውጤቱን ወረቀት አሥራ ሁለት ኮፒ ልታስነሳ ወረደች።