የባሂራ ቆጮ

የእንሰቱ ቅጠል ዝናብ ያስጠልላል፣
የእናቴ ነጠላ ብርድ ይከለክላል፣

ከዚህ በኋላ ቃል የለም። ከድጄ እዚህ ስትደርስ ከንፈሯን ገጥማ የቀረውን በዜማ ብቻ ታንጎራጉረዋለች። ሁለት ስንኝ እንደሚቀር ታውቃለች። እንደ ወለቀ ጥርስ ነው፤ ምላሷ ቦታውን ያገኘዋል፣ ጥርሱ ግን የለም።

ዘፈኑን ያወጣችው ልጇ ባሂራ ናት። እንሰት ሲፋቅ፣ ሥራው እንዳይከብድ ብላ፣ ትምህርት ቤት በለመደችው አማርኛ ገጣጥማ የምትዘፍነው ነበር። ከድጄ አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው። ዋጋ ለመከራከር ይበቃታል፣ ለግጥም ግን ያጥራታል። «በራሴ ቋንቋ ቢሆን አይጠፋኝም ነበር» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ቤቷ ቡታጅራ ከተማ ዳር ነው። ከጓሮው፣ ከእንሰቶቹ ጥላ ስር፣ አንድ የቆጮ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተንበርክካ የደረቀውን የኮባ ቅጠል ታነሳለች፤ በምትኩ ትኩሱን ታለብሰዋለች። ከእንሰት ተፍቆ የተቀበረ ቆጮ ቅጠሉ እስከተቀየረለት ድረስ ዓመታት ይቆያል። ይኮመጥጣል እንጂ አይበላሽም። የጓሮው ሌሎች ጉድጓዶች ተከፍተው ተበልተዋል፣ እንደገናም ተሞልተዋል። ይኼ ግን አንድም ቀን ለምግብ አልተነካም።

የባሂራ ነው።

ባሂራ ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዘመኑ ዘጠና ሦስት። በልጅነቷ በገዛ እጇ የተከለቻት እንሰት ደርሳ በጥር ተቆረጠች። እናትና ልጅ አብረው ፋቁ፣ አብረው ቀበሩ።

«ይኼን ማንም እንዳይነካብኝ፤ የምከፍተው እኔ ነኝ» አለች ባሂራ እጇን እየጠረገች።

«ተኝተሽ ሳለ እጨርስልሻለሁ» አላት ታናሽ ወንድሟ ሙባሪክ።

ጭቃ ወረወረችበት። ከድጄ ሁለቱንም ተቆጣች፣ ፊቷን አዙራ ደግሞ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ በዋለ የዓርብ ገበያ ባሂራ ቃጫ ልትሸጥ ወጣች። የቃጫውን ጥቅል አንዲት ጨው ነጋዴ ዘንድ አስቀምጣ፣ «መጣሁ፣ አንዴ ጠብቂልኝ» አለቻት። ነጋዴዋ ገበያው እስኪፈታ ጠበቀች። ሲመሻሽ ጥቅሉን በጀርባዋ አዝላ ከድጄ ደጅ አመጣችው። ቃጫው መጣ፣ ልጅቷ አልመጣችም።

የባሂራ አባት ቀደም ብሎ ሞቷል። ስለዚህ ፍለጋው የከድጄ ብቻ ሆነ። ፖሊሶች ጠየቁ፣ ፈለጉ፣ አጣናት አሉ። ከሰፈሩ አንዱ ዐረብ አገር ሄዳለች አለ፣ አንዱ ጅማ መንገድ ላይ አየኋት አለ፣ አንዱ ደግሞ ባል አግኝታ ይሆናል ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሲያገኛት «ተገኘች?» ይላት ነበር። እየቆየ «ደህና ነሽ?» ማለት ጀመረ። ከድጄ የዚህን ልዩነት ታውቀዋለች። «ደህና ነሽ?» የተባለች ቀን ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ቢሆንም ፍለጋውን አልተወችም። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍራ ወደ ተራራው ወጣች። አረቅጥ ላይ ጉም ፊቷን አረጠበው፤ የምታየው የፊቷን ሰው ጀርባ ብቻ ነበር። አገና ገበያ ውላ በቅቤ ተራ፣ በእህል ተራ፣ በሸክላ ተራ ጠየቀች። ከአገና ቁልቁል ወርዳ ወልቂጤ ገባች። እዚያ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ሆቴል ነበረች። ባለቤቷ አዛለች ትባላለች። ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ከጎጃም ይዟት መጥቶ፣ እዚሁ ሞቶባት የቀረች ሴት ናት።

«አንዲት ልጅ ነበረች» አለቻት አዛለች። «ሰሐን ታጥብልኝ ነበር። ብዙም አልቆየች፤ ክረምቱ ሳይገባ ሄድኩ ብላ ወጣች።»

«መልኳስ?»

«ጠይም፣ ቀጭን። እንደ ማንም ልጅ።»

«ስሟን አልነገረችሽም?»

«ሚጡ በይኝ አለችኝ፣ ሚጡ አልኳት። መናኸሪያ ሰፈር እውነተኛ ስሙን የሚናገር ማን አለ፣ እቴ? ባሌ እንኳ የክርስትና ስሙን የነገረኝ ከወለድን በኋላ ነው።»

ከድጄ አልሳቀችም። «ሥጋ ትበላ ነበር?» አለች።

አዛለች የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «አሁን ስትይኝ… አትበላም ነበር። ቆጮና ጎመን ብቻ። እኔማ የማትወድ መስሎኝ።»

የክርስቲያን ቤት ሥጋ የማትበላ ልጅ። ከድጄ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«ትዘፍን ነበር? ሰሐን ስታጥብ?»

«እዚህ ቤት ቴፑ ከጧት እስከ ማታ ይጮኻል። ብትዘፍንም አልሰማሁ።» አዛለች ፊቷን አየቻት። «ዋሽቼ ላስደስትሽ?»

«አትዋሺ።»

«እንግዲያው አላውቅም።»

በዚያች «አላውቅም» ተዋደዱ። እስከዚያ ድረስ የጠየቀችው ሰው ሁሉ ወይ አይቷታል፣ ወይ ያየ ሰው ያውቃል። አላውቅም ያለቻት አዛለች ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ ከድጄ በዓመት አንዴም ሁለቴም ወልቂጤ ትሄዳለች። የአዛለች ድስት ሥጋ ያውቃልና ከእሱ አትበላም፤ የራሷን ቆሎ በመሐረብ ቋጥራ ትመጣለች። ሁለቱም ይኼን ሳይነጋገሩበት ያውቁታል። ሻይ ይጠጣሉ፣ ከድጄ ስላልተከፈተው የባሂራ ጉድጓድ ታወራለች፣ አውቶቡስ ሲራገፍ የሚወርደውን ሰው አብረው ያያሉ።

«ብትመለስ የምታውቀው እኔን ነው» ትላታለች አዛለች። «እኔ ደግሞ የትም አልሄድ።»

ከድጄ ያንን ይዛ ተራራውን ተሻግራ ትመለሳለች።

ባሂራ ከጠፋች ወዲህ ቤቷ ተቀምጣ አትበላም። ቆማ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ አንድ ሁለቴ ቆርሳ ትጎርሳለች። ሙባሪክ ትንሽ ሳለ፣ «እማ፣ ለምን አትቀመጪም?» ብሎ ጠየቃት።

«ከተቀመጥኩ በሩ አይታየኝም» አለችው።

አረፋ ሲደርስ ይብስባታል። አረፋ የመመለሻ በዓል ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከየንግዱ ቦታ፣ የእናት ልጅ ሁሉ ስኳርና ልብስ ተሸክሞ ይገባል። በየደጁ በሬ ይታረዳል፤ ሰው ከቤት ቤት እየዞረ ይበላል። የእሷም ቤት ይሞላል። ከድጄ ታስተናግዳለች፣ ትመርቃለች፣ ትስቃለችም። እንግዳው ሲወጣ ግን አጥሩ ጋ ቆማ አስፋልቱን ታያለች። መኪናው ይቆማል፣ የሰው ልጅ ይወርዳል፣ መኪናው ይሄዳል።

በሁለት ሺህ ሦስት አረፋ ማክሰኞ ዋለ። ሙባሪክ አሁን መርካቶ ሱቅ የሚሠራ ጎረምሳ ነው፤ ለእናቱ ሻሽና አዲስ ቢላ ይዞ መጥቷል። ከቀትር በኋላ እንግዳው ሳሳ። ከድጄ እንደልማዷ አጥሩ ጋ ወጣች። አንድ ሚኒባስ ቆመ። አንዲት ሴት ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ከድጄ ልቧ ከእሷ ቀድሞ ሮጠ፤ ከዚያ ነጠላውን አወቀችው።

አዛለች ነበረች። ከተዋወቁ ጀምሮ ወልቂጤን ለቃ ስትመጣ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው።

«እንኳን አደረሳችሁ» አለች፣ አንድ ኪሎ ስኳር እየሰጠቻት። «ቤትሽን ሳላይ እንዳልቀር ብዬ ነው።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

አዛለች ገብታ እስክትቀመጥ አልመለሰችላትም። «ሆቴሏን ሸጥኳት። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ደብረ ማርቆስ እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው። ለገዛው ሰውዬ ስለ ልጅቷ ነግሬዋለሁ፤ ብትመጣ ንገራት፣ እናቷ ቡታጅራ ናት ብዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል። ግን ለሁሉም እሺ የሚል ሰው ነው።»

ከድጄ ስኳሩን አስቀመጠችው። ባሂራ አንድ ቀን መንገዱ ቢጠፋባት ተመልሳ የምታንኳኳው አንድ በር ነበር። እሱም ሰው ተለወጠበት።

እንግዳ ግን እንግዳ ነው። ከድጄ ተነስታ ጓዳ ገባች። ዞር ዞር ብላ አየች። ክትፎው ሥጋ ነው፤ አዛለች አትበላውም። የተጋገረው ቆጮ ከሥጋ ጋር ውሏል። ያልተጋገረው ደግሞ ከጧት ጀምሮ ለእንግዳ እየተጋገረ አልቋል፤ ሌሎቹ ጉድጓዶችም ለበዓሉ ተከፍተው ባዶ ናቸው። ከሥጋ ያልተነካካ አይብና ጎመን ብቻ ቀርቷል።

«ጎረቤት ሄጄ ልጠይቅ?» አለ ሙባሪክ በሹክሹክታ።

«የማን ቤት ነው ዛሬ ሥጋ የሌለበት?»

«እንግዲያው ምን ልታበያት ነው?»

ከድጄ ማጭዷን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሙባሪክ ተከተላት። ጉድጓዱ ጋ ስትንበረከክ ባየ ጊዜ ባለበት ቆመ። ድንጋዩን አነሳች፣ ቅጠሉን ገለጠች። ጎምዛዛው ሽታ ወጣ፤ እርጥብ መሬት፣ የቆየ ዝናብ። እጇን ከተተች፣ ግን አላወጣችውም። ሳታስበው ያቺን ዘፈን ጀመረች። ሁለቱን ስንኝ ብላ ቆመች።

«መጨረሻዋ ጠፋኝ» አለች። «እስከ ዛሬ ላንተም አልነገርኩህም። ልጄን አጣሁ፣ ዘፈኗን እንኳ ልይዝላት አልቻልኩም።»

ሙባሪክ አጠገቧ ቁጭ አለ። «እማ፣ መጨረሻ አልነበረውም እኮ።»

«እንዴት?»

«ሁልጊዜ ትቀያይረው ነበር። ዝናብ የዘነበ ቀን ስለ ዝናብ፣ ዶሮ የጠፋን ቀን ስለ ዶሮ። ብዙውን ጊዜ እኔን ነበር የምትሰድበው።» ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዜማውን አላወቀበትም፣ ግን አለው፦

ሙባሪክ ሰነፉ ሥራ ሲያይ ይታመማል፣
ቆጮ ሲጋገር ግን ከሁሉ ይቀድማል።

«በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ነው። የሚያዝ አልነበረም፣ እማ። አልረሳሽም።»

ከድጄ ሁለት ጊዜ በከንፈሯ ስንኙን ሞከረችው። ከዚያ ክንዷን አጠንክራ ከጉድጓዱ ዘግና አወጣች። ነጩ ወይቦ ነበር፣ ግን ደህና ነው። ጭረቱ እንዲደቅ በአዲሱ ቢላ፣ ሥጋ ባልነካው፣ ከተፈችው። ጨመቀችው፣ በኮባ ቅጠል ጠቀለለችው፣ እሳት ላይ አደረገችው። ከጉድጓዱ ብዙ ቀርቷል። ሙባሪክ ቅጠሉን መልሶ ሸፈነው፣ ድንጋዩንም ጫነበት።

ሲደርስ በትኩስ ቅጠል ላይ ቆርሳ ዘረጋችው። አይቡንና ጎመኑን ከጎኑ አደረገች። «ሥጋ ያልነካው ነው፤ ቢላውም አዲስ ነው» አለች።

አዛለች ቆጮውን አየች፣ ከድጄ እጅ ላይ ያለውን የእሳት ጥቀርሻም አየች። «የልጅቷ ነው?»

«የእሷ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቆሜ…»

«እንግዲያው እኔም አልቀምስም። ይኼን ሁሉ ዓመት ሻይ አጠጥቼሻለሁ፤ ከኔ ቤት አንድ ነገር ቀምሰሽ አታውቂም፣ እኔም ከቤትሽ። ዛሬ ሁለታችንም የምንበላው ነገር ተገኘ። ተቀመጪ።»

«በሩ አይታየኝም።»

አዛለች ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። በርጩማዋን ገፋ አድርጋ ፊቷን ወደ ደጁ አዞረች። «ለኔ ይታየኛል» አለች። «የምትመጣ ካለች እነግርሻለሁ።»

ከድጄ ነጠላዋን ሰብስባ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ከቆጮው ቆረሰች፣ አይቡ ላይ ጫን አድርጋ ጎረሰች። ኮምጣጣ ነበር። ቀስ ብላ አኘከች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች አዛለች፣ ዓይኗን ከደጁ ሳታነሳ።

ከድጄ ጨው ነሰነሰችበት፣ ደግማም ቆረሰች።