ከዘራ ያልሆነው ዘንግ

እስከ ዛሬ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሳይ ሳቄ ይመጣል። ሰውየው ምንም አላደረገኝም፤ የአራተኛ ክፍል ትዝታዬ ነው።

አሰላ ውስጥ፣ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ የአንድ የድሮ ደጃዝማች ቤተ መንግሥት አለ። ግቢው ለቤተሰቡ ሲመለስ የልጅ ልጃቸው እትዬ ጽጌ ከአዲስ አበባ መጥተው ቤቱን አሳደሱና የቤተሰቡን ሥዕሎች እንድናይ ክፍላችንን ጋበዙ። ቲቸር "አንድ ነገር የነካ፣ አንድ ቃል የተነፈሰ፣ ወዮለት" ብላ አስጠነቀቀችን። ለእኔ ማስጠንቀቂያው ትርፍ ነበር። ቤታችን የሚወራው ኦሮምኛ ስለሆነ "መጣ"ና "መጣች" ይምታቱብኝ ነበር፤ አንድ ቀን "ቲቸር መጣ" ብዬ ክፍሉ በሳቅ ካለቀ ወዲህ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር የምማረው።

ቤቱ የሰምና የአሮጌ ጣውላ ሽታ ነበረው። ወለሉ እንዳይቆሽሽ ጫማችንን አውልቀን በካልሲ ገባን፤ የግማሾቻችን አውራ ጣት በቀዳዳው ብቅ ብሏል። ግድግዳው ሙሉ ቅዱሳን፣ ፈረሰኞችና ካባ የደረቡ መኳንንት ናቸው። መጨረሻው ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ብቻቸውን ቆመው ተሥለዋል። ከሥራቸው የተጻፈውን ቲቸር ጮክ ብላ አነበበችልን፤ "የደጃዝማች ባለቤት፣ ከከዘራቸው ጋር።"

ከዘራ እኮ እጀታው ቆልመም ያለ ነው። የእሳቸው ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ደግሞም አልተደገፉትም፣ ፊት ለፊታቸው አቁመው ይዘውታል። ገጠር፣ ዲክሲስ ያለችው አያቴም እንዲህ ያለ ዘንግ አላት። ስትዳር እናቷ ናት የሰጠቻት። እሱን ይዛ በሁለት ተጣዪዎች መሃል ከቆመች፣ እሷን አልፎ የሚማታ ወንድ የለም። ዝም ልል ፈልጌ ነበር፤ ግን የራሴን አያት ያሳነሱብኝ መሰለኝ።

"ከዘራ አይደለም" አልኩ። "ሲንቄ ነው። ሴትዮዋ ሲንቄ ነው የያዘው።"

"የያዘው" ስል ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ቲቸር ጆሮዬን ልትይዝ ስትል እትዬ ጽጌ ከለከሏት።

"ቆይ፣ ተያት። ሲንቄ ምንድን ነው ልጄ?"

"ሲያገባ እናቱ ይሰጠዋል። የአርሲ ሴት ነው የሚይዘው።"

እትዬ ጽጌ ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩት። "አያቴ የማን ልጅ ናቸው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ወሬ ይለውጥብኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ለካስ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው።" እስክሪብቶ አውጥተው "ከዘራቸው" የሚለውን ሰረዙና ቃሉን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። እኔ "ሲ፣ ን፣ ቄ" እያልኩ እሳቸው ጻፉ። ያን ቀን ዳገቱን የወረድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው፤ የሳቀብኝ ካለም አልሰማሁትም።

ባለፈው ወር ልጄን ይዤ ወደዚያው ወጣሁ። እትዬ ጽጌ አርፈዋል። ከሥዕሎቹ ሁሉ ሥር አዲስ የታተመ ጽሑፍ አለ፤ ከሴትዮዋ ሥር ግን ያ ስርዝ ያለበት ወረቀት በመስታወት ተሸፍኖ ተቀምጧል። ልጄ አነበበችውና ግራ ገባት።

"እማ፣ ሴትዮዋ ሲንቄ መያዙን ለማን ብለው ነው የጻፉት? ሁሉም ሰው ያውቃል እኮ።"

እኔ ያኔ ፈርቼ የተናገርኩት ቃል ለእሷ እንደ ስሟ የታወቀ ነው። በኩራት ፀጉሯን ዳበስኩት። "መያዙን" ማለቷንም ሰምቻለሁ። አላረምኳትም።