ጋቢ የለበሰው መለኪያ

ባለቤቴ የደም ግፊት መለኪያችንን በፎጣ ጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ የኔን ሻርፕ አስሮ ራስጌያችን ያስቀምጠዋል። ሐኪሙ ግፊቴ ከፍ ማለቱን ከነገረን ወዲህ ያ ዕቃ ክብሩ ጨምሯል። ዛሬ ጠዋት «ምነው፣ ልታዝለው ነው?» ብዬ ስቀልድበት የሳጉሬው ጋሽ ከድር ትዝ አሉኝና ሳቄን ማቆም አቃተኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ሥራዬ መለኪያዎችን ከታወቀ ደረጃ ጋር እያመሳከርኩ ትክክል መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። ብቻዬን ስላክ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከአሰላ በሚኒባስ ስወጣ የእርጥበቱ መጠን አስቀድሞ የተረጋገጠ፣ በጠርሙስ የታሸገ ገብስ ታቅፌያለሁ። «ከቆሎው አታቀምሽንም?» እያሉ ተሳፋሪዎቹ ሲያበሽቁኝ ሳጉሬ ደረስን። ወሩ ኅዳር ነው፤ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሜዳው ገለባ ገለባ ይሸታል።

የገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን በጠብ ይታመሳል። የእህል እርጥበት የሚለኩት ጋሽ ከድር የገበሬውን ገብስ «እርጥብ ነው» ብለው እየመለሱ የነጋዴውን ይቀበላሉ ተብለዋል። አዴ ፋጡማ የሚባሉ ሴት ገበሬ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው «ይኸው ይንኮሻኮሻል! ወላሂ፣ ሰውዬው ጉቦ በልቷል!» ይላሉ። ሊቀመንበሩ ወደ ጎን ወስዶኝ «መለኪያው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሰውዬው ነው፤ ነገውኑ ይባረራል» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጠርሙሶቼን ከፍቼ ፈተሽኩት። መለኪያው ልክ ነው! ሌላ ጊዜ የሚያስደስተኝ ውጤት ያን ቀን ጋሽ ከድርን ሊያስባርራቸው ነው።

«እኔ እሱ ያለኝን ነው ያልኩት፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ከድር፤ ድምፃቸው ተሰብሯል።

በማግስቱ ማለዳ ውጤቱን ልፈርም ስመጣ ጋሽ ከድር ካደሩበት የጥበቃ ቤት ወጡ። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል፤ ሕፃን መስሎኝ ነበር። ሲገልጡት ያው መለኪያ!

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«ብርድ እንዳይመታው ነዋ። ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ ነው የማሳድረው።»

ብዳስሰው ይሞቃል። የአዴ ፋጡማ ገብስ ደግሞ ጋሪ ላይ አድሮ በረዶ ሆኗል። ያንን ቀዝቃዛ እህል የጋለው መለኪያ ውስጥ ብንጨምረው አላበው፤ መለኪያውም «እርጥብ» አለ። ጋቢውን አስወልቄ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ፀሐይዋ ሞቅ እስክትል ጠብቀን ያንኑ ገብስ ብንለካው፣ ደረቅ! ገበሬው በማለዳ፣ ነጋዴው ግን ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ልብ ያልነው ያኔ ነው።

አዴ ፋጡማ እልልታቸውን አቀለጡት። ሊቀመንበሩ የጋሽ ከድርን ትከሻ ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። እኔም ከላዬ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ጋሽ ከድር «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እውነት አይበርደውም?»

«አይበርደውም፣ ጋሽ ከድር።»

«ታዲያ እኔ ለማን ብዬ ነው ስንቀጠቀጥ ያደርኩት!» አሉና ጋቢያቸውን አራግፈው ለበሱ። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ።

ይህን ለባለቤቴ እየነገርኩት ፎጣውን ፈታ፣ ክንዴን አሰረ፣ ቁጥሩን ጠበቅን። «ወርዷል፤ ደህና ነሽ!» ብሎ በረጅሙ ሲተነፍስ ቁርጥ ጋሽ ከድርን መሰለኝ። መለኪያውን መልሶ በፎጣ ሲጠቀልል አልከለከልኩትም። የአሰላ ጠዋት ግን ይበርዳል፤ ሻርፔን ተቀብዬ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ።