ደረጃ ሦስት የተባለው የጭቃ ትምህርት ቤት

መምህርት የሻረግ ቂመኛ ናት። ይህን የሚሉት ጠላቶቿ ብቻ አይደሉም፤ ራሷም ትላለች። የንስሐ አባቷ ቄስ ክንዱ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ሲገሥጿት፣ «እንግዲያው ጸሎቱን እርስዎ ይያዙልኝ አባቴ፤ ቂሙን እኔ ብቻዬን እችለዋለሁ» ብላ መልሳላቸዋለች።

ነገሩ የተጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ስማዳ ውስጥ፣ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው ሾላ ውኃ። ትምህርት ቤቶችን አይተው ደረጃ የሚሰጡ ኢንስፔክተሮች ሊመጡ ቀን ተቆረጠ። የሾላ ውኃ ትምህርት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ መቀመጫው ድንጋይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በሩ የወለቀ ቁም ሣጥን ነበር። ርእሰ መምህሩ አስቻለው ግን ሰነፍ አልነበረም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር! ከጎረቤት ትምህርት ቤት ሠላሳ ዴስክ ተዋሰ፤ መጻሕፍትም ተዋሰ፤ የጥበቃውን ማደሪያ አስጠርጎ በሩ ላይ «ላብራቶሪ» ብሎ ጻፈበት።

ዴስኩን ተሸክሞ ያመጣው የአገሩ ሰው ራሱ ነው። በሾላ ውኃ እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ዕቃ መዋስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ገመናን ለእንግዳ መግለጥ ነው። ሰዉ ኢንስፔክተሮቹን እንደ ሠርግ እንግዳ አያቸው። ወላጆች ሁሉ «ትምህርት ቤታችን የተሟላ ነው» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረሙ።

አልፈርምም ያለችው እዚያው የምታስተምረው የሻረግ ብቻ ናት። «እናንተ እንግዳ መስሏችኋል። ሐኪም እኮ ነው የሚመጣው! ለሐኪም ደኅና ነኝ ይባላል?» አለች። የሰማት የለም። ትምህርት ቤቱ ደረጃ ሦስት፣ ማለትም መስፈርቱን ያሟላ፣ ተባለ፤ በሳምንቱ ዴስኩ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ በወሩ የሻረግ «ለሥራው ጥቅም ሲባል» ተብላ ወደ በሽሎ ቆላ ተዛወረች። አስቻለው የዝውውሩን ደብዳቤ ሲሰጣት ፈገግ ብሎ ነበር። ልጇን ሣራን ለአያቷ ትታ ሄደች።

ከዚያ የጭቃ ትምህርት ቤቶችን በብሎኬት የመተካት ሥራ ተጀመረ፤ እውነትም ተሠራ። ከሁሉ የከፉት፣ ደረጃ አንድ የተባሉት፣ ቀደሙ። ዴስኩን ያዋሰው ትምህርት ቤት ድህነቱን ስላልደበቀ አራት ክፍል ተገነባለት፤ ቆርቆሮው ከሩቅ ያበራል። ሾላ ውኃ ሲጠይቅ «እናንተ ደረጃ ሦስት ናችሁ፤ ተራችሁ አልደረሰም» ተባለ። የደረሰው አዲሱ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱም ለስድስት ልጅ አንድ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሰኔ ዝናብ፣ የሦስተኛ ክፍል ግድግዳ ተናደ። ከሥሩ የወጣችው ሣራ ናት። ወጌሻ እግሯን አሰረው፤ አጥንቱ ግን ጠሞ ገጠመ። የሻረግ ከቆላ በሦስተኛው ቀን ደረሰች፤ አላለቀሰችም። «አስቻለው» ብቻ አለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዘንድሮ በስንት ደጅ ጥናት ወደ ሾላ ውኃ ተመለሰች። አስቻለው ከተማ ገብቶ፣ ወፍሮ፣ ለበለጠ ሹመት ታጭቶ ነበር። ደረጃው በውሰት ዕቃ የተገኘ ነው ብላ ለወረዳው አቤቱታ አስገባችና ሹመቱ ታገደ። ነገር ግን «ማስረጃ አምጪ» አሏት። ወረቀቱ ሁሉ ደረጃ ሦስት ይላል፤ የወላጆችም ፊርማ አለበት። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣች አቤቱታው ይዘጋል፤ እሱ ይሾማል፤ የሾላ ውኃ ልጆችም በድንጋያቸው ላይ ይቀራሉ። የሚያድናት የራሱ የአስቻለው አፍ ብቻ ነበር።

አፉን ደግሞ ራሱ ይዞላት መጣ። ሹመቱ ቸኩሎበት፣ አቤቱታዋን እንድታነሣለት ሽማግሌ ላከ። ሁለት ጊዜ መለሰቻቸው። በሦስተኛው፣ «እሺ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ። ቦታውንና ቀኑን ግን የተበደልኩት እኔ እመርጣለሁ» አለች። ሽማግሎቹ ወጉ ነው ብለው ተስማሙ። የመረጠችው የትምህርት ቤቱን ግቢ ነው፤ ቀኑም እሑድ፣ የወላጆች ስብሰባ ያለበት።

አስቻለው በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ ቆመ። ሕዝቡን ሲያይ ደነገጠ፤ ግን ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ኋላ አይኬድ ነገር።

«በዝውውሩ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ዝውውሩን ረስቼዋለሁ» አለች የሻረግ። ዋሸች።

ቄስ ክንዱ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ጥፋት ተደብቆ ድንጋይ አይወርድም። ተናገር።»

አስቻለው ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ወረቀትን ነው። በሽማግሌ ፊት የተነገረ ነገር እዚያው የሚቀር መሰለው። አንገቱም ዝሎ ነበር።

«ዴስኩ የውሰት ነበር።»

«ስንት?» አለች የሻረግ።

«ሠላሳ።»

«መጻሕፍቱስ?»

«እነሱም።»

«ላብራቶሪው?»

«የጥበቃው ማደሪያ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ዴስኩን የተሸከሙት ትከሻዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ ብዙዎቹ መሬት መሬት አዩ። የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊዋ ሐረገ ወይን ግን አንገቷን አልደፋችም፤ ትጽፍ ነበር። ጽፋ ስትጨርስ ጮክ ብላ አነበበችው። ቄስ ክንዱ እውነት ነው ብለው ፈረሙ፤ ሌሎቹም ሽማግሎች ተከተሉ፤ ወላጆችም በተራ፣ ያኔ ለውሸቱ እንደፈረሙት፣ ፈረሙ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አስቻለው ከድንጋዩ ሥር።

«ቃለ ጉባኤ ነዋ! ያልተጻፈ ነገር አልተሠራም እያልክ ያስተማርከን አንተ አይደለህ?» አለችው የሻረግ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲቀላት ተሰማት፤ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

ቄስ ክንዱ፣ «በይ እንግዲህ፣ ይቅር በይው» አሏት።

«የተሰበረው የእኔ እግር አይደለም አባቴ።» ወደ ግቢው ዳር ዞረች። «ሣራ! ነይ እስቲ። ቀስ ብለሽ ነይ ልጄ፤ ማንም አያስቸኩልሽም።»

ሣራ ከአያቷ አጠገብ ተነሣች። ግቢው ረጅም ነው። ሰው ሁሉ አንዱን እግሯን እየጎተተች ስትመጣ አያት። አስቻለው ድንጋዩን በሁለት እጁ ደግፎ ይበልጥ አጎነበሰ። የሻረግ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

ልጅቱ ፊቱ እንደደረሰች፣ «ይቅር ብያለሁ፤ ያውርድ» አለች ቶሎ ብላ፤ ድንጋዩ የከበዳት እሷን ይመስል ነበር። የሻረግ በልጇ ተናደደች። እሷ ብትሆን እስከ ማታ ባቆመችው!

ድንጋዩ ወረደ። ቄስ ክንዱ ወደ እናትየው ዞሩ።

«አንቺስ የሻረግ?»

«እኔማ አዲሱ ክፍል ቆርቆሮ ሲመታ እነግራችኋለሁ» አለች፤ ቃለ ጉባኤውንም ከሐረገ ወይን ተቀብላ የወገዳን መንገድ ያዘች።